«ውሻ ሚያው!»

አንዲት ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጅ፣ ተንኮል እንዳሰበ ሰው እያፈረችም እየሳቀችም ወደ አባቷ መጥታ «ውሻ ሚያው!» አለችው። አባት ሆዬ «አይደለም፤ ውሻማ ሃው ሃው ነው የሚለው» ብሎ አረማት። እሷ ግን እየሳቀች ያንኑ ደገመችው። ያኔ ነገሩ ገባው፦ ልጅቷ አልተሳሳተችም፣ እየቀለደች ነው። እሱም «አውራ ዶሮም ሚያው ይላል!» ብሎ ጨዋታው ውስጥ ገባ።

አባትየው ሩሲያዊው የልጆች ገጣሚ ኮርኔይ ቹኮቭስኪ ነው። ታሪኩን የምታገኙት መጀመሪያ በ1928 እ.ኤ.አ. በሌላ ርዕስ በወጣው «ከሁለት እስከ አምስት» በተባለው መጽሐፉ ውስጥ ነው።

መጽሐፉን የምወደው ለዚህች ነጥብ ነው፦ ተገላቢጦሽ የሚያስቀው እውነቱን ለሚያውቅ ብቻ ነው። ውሻ ምን እንደሚል ገና ያልለየ ሕፃን በ«ውሻ ሚያው» አይስቅም። እና ኬጂ ውስጥ እንዲህ ብሎ የሚስቅን ልጅ «ተሳስተሃል» የሚል መምህር፣ ልጁ ያለፈውን ፈተና ነው ኤክስ የሚያደርግበት።

ግን አንድ ነገር አልዋጥልህ አለኝ። ቹኮቭስኪ ማንኛውም ሕፃን ከሁለት ዓመቱ ጀምሮ የቋንቋ ሊቅ ይሆናል፣ አምስት ስድስት ዓመት ሲሞላው ደግሞ ተሰጥኦው ይደበዝዛል ይላል። ማስረጃው ምንድነው? የራሱ ማስታወሻና ወላጆች የላኩለት ደብዳቤ። እስቲ አስቡት፣ «ልጄ ዛሬ ውሃ ስጪኝ አለችኝ» ብሎ ደብዳቤ የሚጽፍ ማን አለ? የሚጻፈው ያስገረመው ብቻ ነው። መደብዘዙንም እጠራጠራለሁ። «እንቆቅልህ፣ ምን አውቅልህ» ስትባባሉ ስንት ዓመታችሁ ነበር? እኔ ስምንት ዘጠኝ ሆኜም አልጠገብኩም ነበር።

አሜሪካዊቷ ጂን በርኮ በ1958 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት የሄደችው በሌላ መንገድ ነው። ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ለሆናቸው ልጆች የሌለ እንስሳ ሥዕል አሳይታ፣ የፈጠራ ስም ሰጥታው፣ «ሁለት ሲሆኑስ?» ብላ ጠየቀች። በአማርኛ ብንሞክረው «ይሄ ዚፍ ነው፤ አሁን ሁለት ሆኑ፤ ሁለት ምን?» እንደማለት ነው። «ዚፎች» ያለ ልጅ ቃሉን ከማንም አልሰማውም፤ ሕጉ ጭንቅላቱ ውስጥ አለ ማለት ነው። ጥያቄው ለሁሉም አንድ ስለሆነ መልሳቸውን ማወዳደር ይቻላል። የቹኮቭስኪን ደብዳቤዎች እንዲህ ማድረግ አይቻልም።

በበርኮ ፈተና ግን ልጁ ይመልሳል እንጂ አይቀልድም። ቀልዱን የያዘው የቹኮቭስኪ ደብተር ነው። ቤት ውስጥ ትንሽ እህት ወይም ወንድም ካላችሁ እናንተም አንድ ደብተር ጀምሩ። ቀኑን፣ ዕድሜውን፣ ከቀልዱ በፊት የተባለውን ጻፉ። «ውሃ ስጪኝ»ንም እንዳትዘሉት።