ነጻ ትምህርትና የቡና ለቀማ ወራት

ዕውቀትን ያለ ዋጋ ለሕዝብ ማዳረስ ለአገራችን እንግዳ ዓላማ አይደለም። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ኋላ 15 በደረሱ ቋንቋዎች፣ ሚሊዮኖችን ፊደል አስቆጥሯል። ዛሬ ተመሳሳይ ተስፋ ይዞ የቀረበው በኢንተርኔት የሚሰጠው ነጻ ትምህርት ነው። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የኮርሶቹን ጽሑፎች ለዓለም ክፍት እንደሚያደርግ በ1993 ዓ.ም. አስታወቀ። በአገራችንም ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር፣ 5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን በ3 ዓመት ውስጥ በኮምፒዩተር ፕሮግራም አጻጻፍና በተዛማጅ ሙያዎች ለማሠልጠን የታቀደ ፕሮግራም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ተጀምሯል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ «ክፍት» የተባለው ትምህርት ለማን ክፍት እንደሆነ በጅማና በዙሪያዋ ካሉት የቡና ከተሞች ሁኔታ አንጻር መመርመር ነው። ተስፋው ትልቅ መሆኑ አይካድም። የአጋሮ ወይም የሊሙ ገነት ወጣት ቀድሞ ርቆ ካልሄደ በቀር የማያገኘውን ኮርስ አሁን በእጅ ስልኩ ሊከታተል ይችላል፤ ለምዝገባውም ሆነ ለምስክር ወረቀቱ ገንዘብ አይጠየቅም።

ይሁን እንጂ በሩ ተከፈተ ማለት መንገዱ ቀና ሆነ ማለት አይደለም። በመጀመሪያ፣ የአካባቢው ልጆች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በአፋን ኦሮሞ ሲማሩ የኮርሶቹ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። ሁለተኛ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ቤተሰቡ በቡና ለቀማ ይጠመዳል፤ መደበኛው ትምህርት ቤት እንኳ በዚህ ጊዜ የተማሪ መቅረት ያስቸግረዋል። ሦስተኛ፣ ትምህርቱ ነጻ ቢሆንም ስልኩና የኢንተርኔት አገልግሎቱ የሚገኙት በገንዘብ ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት በተቋረጠ ጊዜ እንደታየውም፣ በመስመሩ ላይ ብቻ የተመሠረተ ትምህርት ከመስመሩ ጋር አብሮ ይቋረጣል።

ከሁሉ የሚብሰው ግን አጠገብ ሆኖ የሚረዳ መምህር አለመኖሩ ነው። በውጭ አገር የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያመለክቱት፣ በአብዛኞቹ ነጻ ኮርሶች ከ100 ተመዝጋቢዎች የሚጨርሱት 15 እንኳ አይሞሉም። የመሠረተ ትምህርቱ ዘመቻ ጥንካሬ አስተማሪው እስከ ተማሪው መንደር ዘልቆ በሚያውቀው ቋንቋ ማስተማሩ ነበር። ድክመቱ ደግሞ፣ ተከታታይ ንባብ በጎደለበት ስፍራ ፊደል የቆጠረው ሰው የተማረውን መልሶ መዘንጋቱ ነው። የዛሬውን ፕሮግራም በታደለው የምስክር ወረቀት ብዛት ብቻ የሚመዝን ዕቅድ አውጪ ያንኑ ድክመት ይደግማል።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ በኅብረተሰብ ተኮር ትምህርቱ የጤና ተማሪዎቹን እንደ አጋሮና ሰርቦ ባሉ ከተሞች ማሰማራት ከጀመረ ቆይቷል። ይኸው ልምድ ለነጻ ኮርሶችም ቢውል፣ ትምህርቱ በትምህርት ቤት ኮምፒዩተሮች ላይ ተጭኖ ያለ ኢንተርኔት ቢታይ፣ ማብራሪያው በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ቢዘጋጅ፣ የጥናት ጊዜውም ከለቀማው በኋላ ከጥር ጀምሮ ቢመደብ፣ ብዙው እንቅፋት ይቀላል። ለዚህም የመምህሩ የሥራ ሰዓትና አበል አስቀድሞ በዕቅድ ውስጥ መግባት ይኖርበታል። ትምህርት በእርግጥ ክፍት ነው የሚባለው የቡና ለቃሚው ልጅ የጀመረውን ለመጨረስ ሲችል ነው።