የጎደለው ዓምድ

ስለ መንገድ የተጻፉ ታዋቂ የአሜሪካ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ አንድ ብቸኛ ሰው ይፈልጋሉ። ጆን ስታይንቤክ በ1960 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) የጭነት ፒክአፕ ላይ ትንሽ ቤት አስጭኖ፣ በዶን ኪኾቴ ፈረስ ስም «ሮሲናንቴ» ብሎ ሰይሟት፣ ቻርሊ የሚባለውን ውሻውን ይዞ አገሩን ዞረ። በ1962 «ትራቭልስ ዊዝ ቻርሊ» ታተመ። ዛሬም ሞተርሆም ተከራይቶ የሚወጣ ሰው ወይ ይሄን መጽሐፍ ወይ የክሎኤ ዣኦን «ኖማድላንድ» ፊልም በልቡ ይዞ ነው የሚወጣው። መጽሐፉን እወደዋለሁ፣ ፊልሙንም ሁለቴ አይቼዋለሁ። ነገር ግን ሞተርሆም ውስጥ ሲመሽ በትክክል የሚነበበው ጽሑፍ ሌላ ነው። እሱ ያለው ስልክ ላይ ነው፤ እንደ ጽሑፍ ቁጭ ብሎ የገመገመው ሰው ግን አላጋጠመኝም።

አይኦቨርላንደርን ወይም ፓርክፎርናይትን የከፈተ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ካርታ አለ፣ ካርታው ላይ ነጥቦች አሉ፣ እያንዳንዱ ነጥብ ሥር ደግሞ እዚያ ያደሩ ሰዎች የጻፉት ኮሜንት። መሬቱ ጠፍጣፋ ነው? ውሃ የት ይቀዳል? ቆሻሻው የት ይደፋል? ኔትወርክ ስንት መስመር ይይዛል? ሌሊት መጥቶ ያንኳኳ አለ? ቅጽል የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። ለጀንበር መጥለቂያ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ከተሰጠ ብዙ ነው። እያንዳንዱ ኮሜንት ግን ቀን አለው፣ ውበቱም እዚያ ላይ ነው። ስለ አንድ ጠጠራማ ሜዳ የተጻፉ ሃያ ኮሜንቶችን ከታች ወደ ላይ አንብቡ፤ መጀመሪያ ማንም የማያውቀው ቦታ ነው፣ ቀጥሎ መንገዱ ይበላሻል፣ ቀጥሎ ቆሻሻ ይበዛል፣ በመጨረሻ «ማደር ክልክል ነው» የሚል ምልክት ይተከላል። ደራሲ የሌለው ልብ ወለድ በሉት፤ ተራኪዎቹ እርስ በርስ ይተራረማሉ እንጂ አይተዋወቁም።

ስታይንቤክን ወዲያው የሚያርመው አልነበረም። የሄደበትን መንገድ ተከትሎ የተጓዘ አንድ ጋዜጠኛ፣ ሰውየው ብዙዎቹን ሌሊቶች መኪናው ውስጥ ሳይሆን ሆቴልና የሰው ቤት እንዳሳለፈ ያሳየው ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ ነው። ዘንድሮ ቢሆን በሳምንቱ አንዱ ሥሩ ገብቶ «እኔም እዚያ ነበርኩ፣ ማንም አላየሁም» ይለው ነበር።

በሙያዬ ምክንያት ሌላም ነገር ይታየኛል። ዳታቤዝ የሚያውቀው ዓምድ የተሰጠውን ብቻ ነው። ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ደርሃም ከተማ አንድ የባቡር ድልድይ አለ። ከፍታው 3.56 ሜትር ስለነበር የጭነት መኪኖችንና የሞተርሆሞችን ጣሪያ እየላጠ በዩቲዩብ ዝነኛ ሆነ። በ2019 ወደ 3.76 አሳደጉት፤ ከዚያም በኋላ የተገጨ አለ። ተራው የመኪና ካርታ «መኪናህ ስንት ሜትር ነው?» ብሎ አይጠይቅም። ኦፕንስትሪትማፕ ላይ ግን ለድልድይ ከፍታ የሚሆን ቦታ አለ፤ ቁጥሩን የሚሞሉት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ የሞተርሆም ጂፒኤሶች ደግሞ የከፍታ ጉዳይ ዋና ሥራቸው ነው። ይህ ዓምድ የተፈጠረው ጣሪያ ሲላጥ የሁሉም ሰው ጣሪያ እኩል ስለሚላጥ ነው።

እኩል የማይደርስ ነገር ሲሆንስ?

ኮሜንቶቹ ውስጥ በጣም የሚደጋገሙት ሁለት ቃላት «ጸጥ ያለ» እና «ደህንነቱ የተጠበቀ» ናቸው። ለማን? ጸሐፊው ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ሊሆኑ ይችላሉ፣ ብቻዋን የምትጓዝ ሴትም ልትሆን ትችላለች፤ አፑ አይነግረንም። እኛ አራት የሐበሻ ልጆች ነን፤ ማታ ሙዚቃችንን ዝቅ አድርገን ቡና እናፈላለን። ያው ሜዳ፣ ያው ጠጠር፣ ያው ሁለት መስመር ኔትወርክ። መስኮቱ ሲንኳኳ ግን ታሪኩ አንድ ዓይነት አይደለም። ስለዚህ ኮሜንቱን እንደ ሰምና ወርቅ ነው የምናነበው። ሰሙ «ጸጥ ያለ» ነው። ወርቁን ለማግኘት የጸሐፊውን ስም፣ የለጠፈውን ፎቶ፣ ሌላ ቦታ ላይ የጻፈውን እንበረብራለን። አንዳንዴ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ለአንድ ሌሊት ፓርኪንግ እኮ ነው!

ለዚህ ነው የእነዚህ አፖች አያት ስታይንቤክ አይደለም የምለው። አያታቸው ቪክቶር ሁጎ ግሪን ነው። ሃርለም ይኖር የነበረ ጥቁር ፖስተኛ ሲሆን፣ በ1936 ጥቁር አሽከርካሪዎች የሚስተናገዱባቸውን ሆቴሎች፣ ምግብ ቤቶች፣ ነዳጅ ማደያዎችና እንግዳ የሚቀበሉ የግለሰብ ቤቶች የዘረዘረ «ግሪን ቡክ» የሚባል መምሪያ አሳተመ። አንባቢዎች ከየመንገዱ ያገኙትን አድራሻ በደብዳቤ ይልኩ ነበር፤ ልክ እንደ ኮሜንት። እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ ዘለቀ። ያኛው መጽሐፍ «ጸጥ ያለ» አይልም። ዝርዝሩ በአብዛኛው ስምና አድራሻ ነው። እዚያ ላይ መጻፉ በራሱ «እዚህ ይቀበሉሃል» ማለት ነበር። ዛሬ አፑ ውስጥ የጎደለው ዓምድ ያኔ መጽሐፉ ራሱ ነበር።

ስታይንቤክ አገሩን ሲዞር ግሪን ቡክ ገና ይታተም ነበር። ኒው ኦርሊንስ ላይ አንዲት ትንሽ ጥቁር ልጅ ትምህርት ቤት ስትገባ የሚጮሁባትን ሴቶች በዓይኑ አይቷል፤ የመጽሐፉ ምርጥ ገጾችም እነዚያ ይመስሉኛል። ተናዷል፣ አፍሯል። ያም ሆኖ ከዚያ በኋላ የት እንደሚያድር መምሪያ ማየት አላስፈለገውም፤ ያየው ነገር ቁጣውን እንጂ መኝታውን አልነካበትም።

«ኖማድላንድ» ላይ ያለኝ ቅሬታም ከዚሁ የሚመጣ ነው። የጄሲካ ብሩደር መጽሐፍ (2017) ይሄ መኪና ውስጥ የሚኖር ማኅበረሰብ ከሞላ ጎደል ነጭ የሆነው ለምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል። ሰዎቹ በድረ ገጽና በቪዲዮ እንዴት እንደተገናኙም ያሳያል። ፊልሙ በ2021 ኦስካር ሲወስድ ጥያቄው የለም፣ ስክሪኑም ብዙ ቦታ የለውም። በምትኩ እሳት ዙሪያ የተቀመጡ ሰዎች አሉ። እሳት ከተሰነጠቀ ስልክ ይልቅ ለካሜራ ያምራል፣ ይገባኛል። ፍራንሲስ ማክዶርማንድም ግሩም ናት። ግን ብቸኝነት ያማረው አንኳኪው ቢመጣ እንኳ «ሂጂ» ብሎ ብቻ የሚመለስ ስለሆነ ነው።

ታዲያ ዓምዱን ጨምሩበት ትሉ ይሆናል። እኔም ለመንደፍ ሞክሬ ነበር፣ ቀላል አይደለም። «አንተ ማነህ?» የሚል ሳጥን ስትከፍት እኛን የሚጠብቀን ሰው ብቻ ሳይሆን የሚፈልገንም ያነበዋል። ግሪን አንባቢዎቹን ያውቃቸው ነበር፤ አፕ ማንንም አያውቅም።

የጭነት መኪና የሚነዳ አጎቴ አፕ የሚባል ነገር አይከፍትም። ሌሊቱን ሙሉ ከሌሎች ሐበሻ ሹፌሮች ጋር በስልክ ያወራል። ባለፈው ከመንገድ ደወልኩለት።

«ጋሼ፣ እዚህ ማደር ይቻላል?»

«የት ነህ?» የመውጫውን ቁጥር ነገርኩት። «እዚያስ ይቅርባችሁ። ሃያ ማይል ወደፊት ንዱ፣ ማደያው ሌሊት የምትሠራው የእኛ ልጅ ናት። የእኔን ስም ጥራላት።»

የትኛውም ካርታ ላይ የለችም።

እኔ ግን መጻፌን አልተውኩም። የመጨረሻው ኮሜንቴ እንዲህ ይላል፦ አራት ጥቁር ወጣቶች ነበርን፣ ሁለት ሌሊት አደርን። በመጀመሪያው ሌሊት ሬንጀር መጥቶ አናገረን፣ መታወቂያ አይቶ በሰላም ሄደ። መሬቱ ጠፍጣፋ ነው። ኔትወርክ 2 መስመር። ውሃ የለም።