በድምፅ የሚበራ መብራት

ጉልበታቸውን የሚያማቸው አክስቴ ከመርሳ ወደ ሜሪላንድ ልጃቸው ቤት ከመጡ ወዲህ፣ ሌሊት ግድግዳ እየዳበሱ ማብሪያ ማጥፊያ መፈለግ ቀርቶላቸዋል። አልጋቸው ላይ እንዳሉ «አሌክሳ» ብለው ያዝዛሉ፤ ኮሪደሩ ይበራል። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2014 ያስተዋወቀው ይህ በድምፅ የሚታዘዝ ረዳት ስሙ እስኪጠራ ይጠብቃል፤ ሲጠራ የተባለውን በኢንተርኔት ልኮ ያስተረጉምና ትእዛዙን ለአምፖሉ ያደርሳል፣ ያውም በቅጽበት።

እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው ሰው ከመቀስቀስ ማዳኑን ነው። ደክሞት የተኛ ልጃቸውን መጥራት ይከብዳቸዋል፤ አሌክሳ ባይኖር በጨለማ ሊወድቁ ይችሉ ነበር። አማርኛ ስለማይሰማ ጥቂት የእንግሊዝኛ ቃላት አጥንተዋል፤ በዚያ ዕድሜ መማራቸው ራሱ ያስደስታል! አገር ቤት ወልድያና ሀብሩ ላሉ እኩዮቻቸውም እንዲደርስ ግን የማይቆራረጥ ኤሌክትሪክና ኢንተርኔት፣ ከዚያም አማርኛ የሚሰማ ጆሮ ያስፈልገዋል።