የወንዙን ሥራ ትራክተር ሲሠራው

አሜሪካ ውስጥ ኮሎራዶ፣ ዋዮሚንግና ነብራስካ ፕላት የሚባል ወንዝ ይጋራሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 ሦስቱ ግዛቶች ከፌዴራሉ መንግሥት ጋር ስለ ውኃውና ስለ ወፎቹ የትብብር ስምምነት ፈረሙ። ፕሮግራሙ ራሱ የተጀመረው ከአሥር ዓመት ድርድር በኋላ፣ በ2007 ነው። ብዙ ጊዜ እንደ አርአያ ይጠቀሳል፤ ምስጋናውም ይገባዋል። ግን እንደ ኢንጂነር ሳየው አንድ ነገር ይከነክነኛል።

መጀመሪያ ችግሩን እንይ። ፕላት ድሮ ሰፊ፣ ጥልቀት የሌለው፣ በአሸዋ መሀል እየተከፋፈለ የሚፈስ ወንዝ ነበር። ከሮኪ ተራሮች የሚቀልጠው በረዶ በየዓመቱ ጎርፍ ሆኖ ይመጣና አሸዋውን ያንቀሳቅሳል፣ የበቀለውን ችግኝ ነቅሎ ይወስዳል። ከዚያ ግድቦች መጡ፦ የዋዮሚንጉ ፓዝፋይንደር በ1909፣ የነብራስካው ኪንግስሊ በ1941 ተጠናቀቁ። ጎርፉ ሲቀንስ ዛፍ አሸዋውን ወረሰው፤ ወንዙም ጠበበ።

ታዲያ ይሄ ወፎቹን ምን አደረጋቸው? ሁፒንግ ክሬን ቁመቱ 1.5 ሜትር ገደማ የሚደርስ ነጭ ወፍ ነው። በካናዳና በቴክሳስ መካከል ሲመላለስ ሌሊቱን ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆሞ ያድራል። አዳኝ ሲመጣ ከሩቅ እንዲያይ ዙሪያው ገላጣ መሆን አለበት። ሌስት ተርንና ፓይፒንግ ፕላቨር የሚባሉት ትናንሽ ወፎች ደግሞ እንቁላላቸውን የሚጥሉት ምንም ባልበቀለበት አሸዋ ላይ ነው።

ግዛቶቹን አንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጣቸው ግን የወፍ ፍቅር ብቻ አይደለም። በ1973 የወጣው ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎች ሕግ፣ የፌዴራል ፈቃድ የሚያስፈልገው የውኃ ሥራ ዝርያዎቹን ለጥፋት እንዳይዳርግ ያስገድዳል። እያንዳንዱ የመስኖ ማኅበርና ከተማ ለብቻው ከሚከራከር፣ በጋራ መፍትሔ ማምጣቱ ቀለለ።

የፕሮግራሙ ትልቁ ጥንካሬ ክርክሩን ወደ ሙከራ መቀየሩ ነው። አንዱ ወገን «ከግድቡ ለጥቂት ቀናት ብዙ ውኃ ብንለቅ ወንዙ ራሱ የአሸዋ ደሴቶችን ይሠራል» አለ። ሌላው «በማሽን መሥራት ይሻላል» አለ። ሁለቱም በጽሑፍ ሰፈሩ፤ ከዚያ ልኬት ተጀመረ። ውጤቱ? በውኃ የተሠሩት ደሴቶች ወፍ ጎጆ ሠርቶ ከጎርፍ የሚያመልጥበት ከፍታ ላይ አልደረሱም።

እኔ መጀመሪያ «ሰው ሠራሹ ጎርፍ አንሶ ነው» ብዬ ልከራከር ነበር። ግን እኮ በእነዚያ ዓመታት ከታቀደው የበለጡ የተፈጥሮ ጎርፎችም መጥተዋል፤ እነሱም አልበቁም። ስለዚህ ክርክሬን ጣልኩት። ፕሮግራሙም የማይመቸውን ውጤት ሳይደብቅ ተቀበለ። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ታዲያ ምኑ ይከነክነኛል? ዛሬ ትራክተር ደሴቶቹን ያርሳል፣ ዛፍ ይቆረጣል፣ መጤውን ሸምበቆ ለማጥፋት ኬሚካል ይረጫል። ትናንሾቹ ወፎችም ከወንዙ ውጪ፣ አሸዋ በተቆፈረባቸው ጉድጓዶች ዳር በተዘጋጀ ቦታ ይፈለፍላሉ። ይሠራል። ግን ኃይል ሲቋረጥ የሚቆም ፓምፕ «ተጠግኗል» ይባላል? በጀቱ ቢቋረጥ ቁጥቋጦው ተመልሶ ይወርሰዋል።

ሥሩ ያለው ስምምነቱ ውስጥ ነው። ግዛቶቹ እንዲያካክሱ ግዴታ የገቡት ከሐምሌ 1997 ወዲህ ለሚጀመር አዲስ የውኃ አጠቃቀም ነው። ከዚያ በፊት የነበረው እንዳለ ቀጠለ። ማለትም መነሻ ሆኖ የተወሰደው ቀድሞውንም የተጠማ ወንዝ ነው። ለወንዙ በዓመት ከ160 እስከ 185 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ለመመለስ የተያዘው ግብም በመጀመሪያዎቹ 13 ዓመታት አልተሟላም፤ ፕሮግራሙ እስከ 2032 ተራዘመ።

በቁጥርም እንጠንቀቅ። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ይሄን መንገድ የሚጓዙት ሁፒንግ ክሬኖች 20 እንኳ አይሞሉም ነበር፤ ዛሬ ከ500 በላይ ናቸው። ደስ ይላል። ግን ቁጥሩ መጨመር የጀመረው ፕሮግራሙ ከመወለዱ ከብዙ አሥርት ዓመታት በፊት ነው፤ ድሉን ሁሉ ለእሱ መስጠት አይቻልም።

ያለ ስምምነቱ ውኃውም ገላጣው ቦታም ከዚህ ያነሰ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ይፍረስ አልልም። የምለው አንድ ነው፦ ጎረቤቶች ወንዝ ሲካፈሉ «ማን ስንት ይወስዳል» ብሎ መፈራረም አይበቃም። ወንዙ ድሮ በነፃ ይሠራው የነበረውን ሥራ ከአሁን በኋላ ማን ይሠራዋል፣ እስከ መቼስ ይከፍልበታል? ለፕላት ይህ ጥያቄ ከ2032 በፊት መልስ ይፈልጋል። ወፎቹ እንደሆኑ በየዓመቱ መምጣታቸው አይቀርም።