የእንሰት እናቶች

የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ በመስቃንና ማረቆ ቤት ለቤት እየዞረ ልደትና ሞትን ሲመዘግብ ኖሯል። በዚህ መዝገብ ካሉት ሁሉ በዕድሜ የገፉት የገጠር እናቶች እጅግ ያስደንቁኛል። መዝገቡ ዕድሜያቸውን ይናገራል፤ ሙያቸውን ለማየት ግን ጓሮ መዝለቅ ያሻል። አንዲት እናት መሬት ላይ ቁጭ ብለው፣ ከግንዱ የተላጠውን የእንሰት ሽፋን በዘመመ ሳንቃ ላይ በእግራቸው ጠበቅ አድርገው ይዘው፣ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ከላይ ወደ ታች ይፍቁታል። ነጩ ሥጋ ይወርዳል፤ ቃጫው እጃቸው ላይ ይቀራል። የተፋቀው ጉድጓድ ገብቶ ሲብላላ ቆጮ ይሆናል፤ የጭማቂው ዝቃጭ ደግሞ ቡላ ነው። አንድ እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል። ሰባና ሰማንያ የደፈኑ እናት እንግዲህ ስንት ዙር ፍቀዋል! ዝናብ ሲጠፋም ቤተሰብ ያቆመው እሳቸው የቀበሩት ቆጮ ነው። እኔ ከማንም ሹም በፊት ከወንበሬ የምነሣው ለእነዚህ እናቶች ነው።