ሰያፉ መስተዋት በመካከል ይቁም ስለሚለው ደንብ

በገዛ እጃቸው ቴሌስኮፕ የሚሠሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ሁለት ደንቦችን ይከተላሉ። አንደኛው፥ የሰያፉ መስተዋት መካከል በቱቦው መካከለኛ መስመር ላይ ይዋል የሚል ነው። ሁለተኛው፥ የሰያፉን አጭር ወርድ ለማግኘት ከፎከሱ ያለው ርቀት፥ የፎከስ ርቀቱ የዋናው መስተዋት ዲያሜትር ስንት እጥፍ መሆኑን በሚያሳየው ቁጥር ይካፈል የሚል ነው። ሁለቱም ለሠሪው ይቀላሉ፤ ነገር ግን በጂኦሜትሪ ሲመዘኑ ጉድለት ይገኝባቸዋል።

ኒውተን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1668 ዓ.ም. በሠራው ቴሌስኮፕ፥ ከዋናው መስተዋት የሚመለሰውን ብርሃን በ45 ዲግሪ በተጋደመ ጠፍጣፋ መስተዋት ወደ ቱቦው ጎን አዞረው። ይህ ብርሃን ወደ ፎከሱ እየጠበበ የሚሄድ ሾጣጣ ነው። ሾጣጣ በሰያፍ ሲቈረጥ ሞላላ ይሰጣል፤ ይሁን እንጂ የሞላላው መካከል በሾጣጣው መካከለኛ መስመር ላይ አይውልም። ምክንያቱም ወደ ዋናው መስተዋት የቀረበው የሰያፉ ጫፍ ሾጣጣውን በሰፋበት፥ የራቀው ጫፍ ደግሞ በጠበበበት ስፍራ ያገኘዋል።

ዲያሜትሩ 150፥ የፎከስ ርቀቱ 1200 ሚሊሜትር የሆነ መስተዋት እንውሰድ፤ ሰያፉም ከፎከሱ በ200 ሚሊሜትር ይቁም። በቱቦው ወርድ ሲለካ፥ ሞላላው ከመካከለኛው መስመር ወደ ዓይን ሌንሱ በኩል 11.8፥ በተቃራኒው በኩል 13.3 ሚሊሜትር ይሆናል። ስለዚህ ሰያፉ 0.8 ሚሊሜትር ያህል ከዓይን ሌንሱ መራቅ፥ ያንኑ ያህልም ወደ ዋናው መስተዋት መቅረብ ይገባዋል። የፎከስ ርቀቱ 600 ቢሆን ግን ይህ ልዩነት 3.2 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ ይኸውም አራት እጥፍ ነው።

ይህን ቸል ማለት ምስሉን ያደበዝዛል የሚለውን አስተያየት ግን አንቀበልም። ሁለቱ ፈቀቅታዎች እኩል ስለ ሆኑ መስተዋቱ የሚንሸራተተው በራሱ ገጽ ላይ ነው፤ ገጹ ካልተለወጠ የጨረሩም መንገድ አይለወጥም። የሚለወጠው ሰያፉ የትኞቹን ጨረሮች እንደሚቀበል ብቻ ነው፤ ጉዳቱም የብርሃን ማነስና የብሩሁ ሜዳ ወደ አንድ ወገን ማድላት ይሆናል።

ሁለተኛው ደንብ በምሳሌያችን 25 ሚሊሜትር ይሰጣል። ይህ ልክ ሙሉ ብርሃን የሚያደርሰው ለሜዳው መካከለኛ ነጥብ ብቻ ነው። የ15 ሚሊሜትር ሜዳ በሙሉ እንዲበራ ከተፈለገ 37.5 ሚሊሜትር ያስፈልጋል። ነገር ግን ትልቁ ሰያፍ ከዋናው መስተዋት ስፋት ከመቶ 6.25 እጁን ሲጋርድ፥ ትንሹ የሚጋርደው 2.8 ያህል ነው። ግርዶሹ በበዛ ቍጥር ከኮከቡ ምስል መካከል ወደ ዙሪያው ቀለበቶች የሚሄደው ብርሃን ይጨምራል፤ በፕላኔቶችም ላይ ደካማው ምልክት ከአካባቢው ለመለየት ያስቸግራል።

እንግዲህ አንድ ልክ ለሁሉ ሊታዘዝ አይገባም። የጁፒተርን መቀነቶች ለመመልከት ለሚፈልግ ሠሪ ከ25 ጥቂት ከፍ ያለው ይበቃዋል፤ ሰፊ የከዋክብት ክምችት ለሚሻ ትልቁ ይሻለዋል። ፈቀቅታውንም ረጅም ፎከስ ያለው ሠሪ ቢተወው ብዙ አይጐዳም፤ አጭር ፎከስ የመረጠ ግን መስተዋቱን ከመያዣው ጋር ሳያጣብቅ አስቀድሞ ሊያሰላው ይገባል እንላለን።