ዝናብ የማይታይበት ፎቶግራፍ፦ በቴፒና በአካባቢዋ ስለ ተደረጉ የፎቶግራፍ ጉዞዎች የቀረበ ሒስ

«ክረምት» የተባለው የአማርኛ ቃል ሁለት ሸክም ተሸክሟል። በቤተ ክርስቲያን የዘመን አከፋፈል ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለው የዝናብ ወራት በዚህ ስም ይጠራል፤ በትርጉም መጻሕፍት ደግሞ በረዶና አጭር ቀን ያለበት የሰሜን አገሮች ወራት ያንኑ ስም ይዟል። ወደ ቴፒ ለወረደ ሰው ግን ሁለቱም ፍቺዎች አይበቁም። በሸካና በበንች አገር ዝናቡ በመጋቢት ገደማ ይጀምራል፤ የሚያባራውም በጥቅምት ማብቂያ ወይም በኅዳር መግቢያ ነው። ይህም ማለት ከዓመቱ ወራት ሁለት ሦስተኛው ያህል ዝናብ አይለየውም ማለት ነው። ሆኖም ስለ ደቡብ ምዕራብ ሕዝቦች የታተሙት የፎቶግራፍ መጻሕፍት አንድ በአንድ ቢገለጡ፣ ዝናብ፣ ጭቃና ጉም እምብዛም አይታዩባቸውም። ሰማዩ የጠራ፣ መሬቱ የደረቀ፣ ሰዉም ሥራ የፈታ ይመስላል። ይህ ጉድለት የፎቶግራፍ ጥበብ ጉድለት ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ ስለ ሕዝቦቹ የሚሰጠውን ፍርድ የሚያጣምም የማስረጃ ጉድለት ነው።

በመጀመሪያ አገሩን ማወቅ ይገባል። ቴፒ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,100 እስከ 1,200 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ፣ የደጋው ደን ወደ ጋምቤላ ሜዳ በሚወርድበት ዳርቻ የተቈረቈረች ከተማ ናት። በዓመት የሚወርድባት ዝናብ 1,500 ሚሊሜትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ ከፍ ብላ ባለችው በማሻ በኩል ደግሞ ልኩ ይበልጣል። በዙሪያዋ ሸካቾ፣ ሸኮና መዠንግር ይኖራሉ፤ ቡናን ተከትለው ከሌላ የኢትዮጵያ ክፍል የመጡም ብዙዎች ናቸው። የሸካቾና የሸኮ ቋንቋዎች ከኦሞቲክ ወገን ሲሆኑ፣ የመዠንግር ቋንቋ ከናይሎ ሳሕራን ወገን ነው። የጠጠር መንገድ ሳይደርስ በፊት፣ ከደረሰም በኋላ ብዙ ዘመን፣ ወንዝ ሲሞላና ጭቃው እግር ሲይዝ ይህ አገር ከሌላው ተቈርጦ ይከርም ነበር። በሰሜን ባሕር ያለች ደሴት በማዕበል ወራት ከዋናው ምድር እንደምትለይ፣ ቴፒም በውሃ የተከበበች የየብስ ደሴት ትሆን ነበር ቢባል ከእውነት መራቅ አይሆንም። ፎቶግራፍ አንሺው የማይመጣው ደግሞ በዚሁ ጊዜ ነው።

ልማዱ የተጀመረው በደቡብ ምዕራብ አይደለም። በኢትዮጵያ ምድር ከተነሡት ጥንታውያን ፎቶግራፎች መካከል የሚቈጠሩት እ.ኤ.አ. በ1867 እና በ1868 ከጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር የመጡት እንግሊዛውያን መሐንዲሶች ያነሧቸው ናቸው። ያ ጦር በሚያዝያ 1868 መቅደላን ይዞ፣ ዝናቡ መንገዱን ሳይዘጋበት ወደ ባሕር ለመመለስ ተቻኵሏል። እንግዲህ የውጭ አገር ካሜራ ኢትዮጵያን ቀድሞ ካየባቸው ጊዜያት አንዱ ክረምትን በሚሸሽ ዘመቻ ትከሻ ላይ ሆኖ ነው። ሪቻርድ ፓንክኸርስትና ዴኒስ ዤራር እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት መጽሐፍ ከ1867 እስከ 1935 ድረስ የተነሡትን ታሪካውያን ፎቶግራፎች ሰብስበው ለተመራማሪ ትልቅ ውለታ ውለዋል፤ ይህን የመሰለ ስብስብ ግን ካሜራው የደረሰበትን እንጂ ያልደረሰበትን ወራት ሊያሳይ አይችልም።

ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲመለሱም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። የሩሲያው መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች እ.ኤ.አ. በ1898 መጀመሪያ ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ሠራዊት ጋር ከከፋ ተነሥቶ እስከ ሩዶልፍ ሐይቅ፣ ማለትም እስከ ዛሬው ቱርካና ድረስ ተጕዟል። በ1900 ያሳተመው መጽሐፍ ጠቃሚነቱ አያጠያይቅም፤ የብዙ ሕዝቦችን መልክና ልማድ በቅርብ ካዩት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነውና። ነገር ግን የዘመቻ ወራት የመንገድ ወራት ነው። ከሠራዊት ጋር የሚያልፍ ሰው የሚያየው የሸሸውን፣ የተማረከውን ወይም የገበረውን እንጂ በማሳው ላይ ያለውን ሰው አይደለም።

ከእርሱ በኋላ የመጣው ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ቢበር እ.ኤ.አ. በ1905 እና በ1909 ከፋን ጐብኝቶ በ1920 እና በ1923 ሁለት ክፍል ያለው ሰፊ መጽሐፍ አሳትሟል። የቢበር ዓላማ ሌላ ነበር። የከፋ መንግሥት በ1897 ወድቆ ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾ ተይዞ ስለ ነበር፣ ደራሲው የፈለገው የጠፋውን ሥርዐት ከመረሳት ማዳን ነው። ስለዚህ በሥራው ውስጥ ጊዜ ማለት ያለፈው የነገሥታት ዘመን ነው፤ በዓመቱ ውስጥ የሚዞረው የገበሬው ጊዜ ሁለተኛ ቦታ ይይዛል። ቢበር ያዳነው ብዙ ነውና ይህን ማለት እርሱን ለመንቀፍ አይደለም፤ መጽሐፉ ለየትኛው ጥያቄ መልስ እንደሚሰጥ፣ ለየትኛውም እንደማይሰጥ ለመለየት ነው።

ለጉድለቱ የመሣሪያውም ጠባይ ምክንያት ሆኗል። የጥንቱ ፊልምና ብርጭቆ ብርሃንን የሚቀበለው በዝግታ ነበር። በቴፒ ደን ውስጥ ቅጠል በቅጠል ላይ ተደራርቦ ከሰማይ ከሚወርደው ብርሃን ጥቂቱ ብቻ መሬት ይደርሳል። እንዲህ ባለ ስፍራ ፎቶግራፍ ለማንሣት የሚፈልግ ሰው ሰዎቹን ከጥላው አውጥቶ ገላጣ ሜዳ ላይ ያሰልፋቸዋል። እርጥበትና ሙቀትም የፊልሙን ጄላቲን ያሳብጣሉ፤ መስተዋቱን ሻጋታ ያለብሳሉ። እንግዲህ በፀሐይ ፊት ቀጥ ብሎ የቆመው «የደን ሰው» ከደኑ ወጥቶ የታየ ሰው ነው። የአቋሙ ግትርነት ከባሕርዩ የመጣ አይደለም፤ ከካሜራው ችግር የመጣ ነው። ተመልካቹ ግን ይህን የሚያስረዳው ስለሌለ፣ ግትርነቱን የሰውየው ጠባይ አድርጎ ይወስደዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ጉዳት በእርሻ ላይ የሚታየው ነው። መዠንግር ደን መንጥሮ፣ የደረቀውን አቃጥሎ፣ በቆሎ፣ ማሽላና ጎደሬ የሚዘራ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላም ማሳውን ለደኑ መልሶ ወደ ሌላ ቦታ የሚሄድ ሕዝብ ነው። ምንጠራውና ቃጠሎው የበጋ ሥራ ነው። በበጋ የመጣ ካሜራ የሚያገኘው የተገነደሰ ዛፍ፣ ጢስና አመድ ነው፤ ሥዕሉም «ደን አጥፊ» የሚል ስም ያሰጣል። ያው ማሳ በሐምሌ ቢታይ ግን ከሰው ቁመት በላይ የወጣ በቆሎ፣ ዝንጀሮና ጦጣ ለመከላከል የተሠራ ማማ፣ እሸት እስኪደርስ የሚጠብቅ ቤተ ሰብ ይታይበታል። ከዓመታት በኋላ ቢታይ ደግሞ ዳግመኛ ደን ሆኖ ይገኛል። አንዱ ፎቶግራፍ ውሸት አይደለም፤ ነገር ግን የሦስት ምዕራፍ ታሪክ የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ቀዶ ያሳያል።

ሰው የማይታይበት የደን ፎቶግራፍም የራሱ አደጋ አለው። በረዥሙ ዛፍ ላይ የተሰቀለው ቀፎ ባለቤት አለው። በሸካ «ኮቦ» በሚባለው ልማዳዊ ሥርዐት የደኑ ክፍል ለቤተ ሰብ የተመደበ ነው፤ ቀፎ ለመስቀልም ሆነ ከደኑ ለመጠቀም የባለ ኮቦው መብት ይከበራል። ገተማ የተባለው ዛፍ አብቦ ነጩ ማር የሚቈረጠው ዝናቡ ከገባ በኋላ ስለሆነ፣ ሰው ወደ ደኑ የሚገባበትን ይህን ወራት ያላየ እንግዳ ደኑን «ባዶ» ይለዋል። ባዶ የተባለ መሬት ደግሞ ለሌላ ሥራ ለመስጠት ይቀላል። በአካባቢው ለቡናና ለሻይ ሰፋፊ እርሻዎች መሬት በተሰጠባቸው ዘመናት የተነሣው ክርክር ሁሉ «ደኑ የማን ነው?» በሚለው ጥያቄ ላይ የቆመ ነው። የከፋ ደን በ2010፣ የሸካ በ2012፣ የመዠንግር በ2017 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ሲመዘገቡ ሰውና ደን አብረው እንደሚኖሩ ታውቋል። ፎቶግራፉ ግን አሁንም ወይ ሰው የሌለበትን ደን፣ ወይ ደን የሌለበትን ሰው ማሳየት ይቀናዋል።

የቀለም ፎቶግራፍ መምጣት ይህን አላረመውም። ካሮል ቤክዊዝና አንጄላ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ስለ አፍሪካ ቀንድ በሚናገር ትልቅ መጽሐፍ የሱርማ ሕዝብ የገላ ቅብና ጌጥ በታላቅ ጥራት ታይቷል። ሥራው ውብ ነው፤ ውበቱንም መካድ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ነገር ግን ዶንጋ የተባለው የዱላ ግጥሚያ አብዛኛውን ጊዜ አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ የሚደረግ መሆኑን የማያውቅ አንባቢ፣ ሱርማ ዓመቱን ሙሉ ሲቀባና ሲገጥም የሚኖር ይመስለዋል። ዮን አቢንክ በ2000፣ ዴቪድ ተርተን በ2004 እ.ኤ.አ. በጻፏቸው ጥናቶች፣ የመጀመሪያው በሱሪ፣ ሁለተኛው በሙርሲ ዘንድ፣ ካሜራ የያዘ እንግዳና ተነሺው ሰው ሲገናኙ በዋጋና በክብር ምክንያት የሚነሣውን ቅሬታ አሳይተዋል። እንግዳው በአጭር ቀን የተለየ ነገር ይፈልጋል፤ ተነሺውም የተፈለገውን አዘጋጅቶ ይሸጥለታል። በዚህ ገበያ ውስጥ አረም የምታርም ሴት ገዢ የላትም።

አንድ ኅብረተ ሰብ በአንድ ወቅት ብቻ ሊታወቅ እንደማይችል ማርሴል ሞስ ከአንሪ ቦሻ ጋር ከመቶ ዓመት በፊት አስረድቷል። እ.ኤ.አ. ከ1904 እስከ 1905 ባለው ቅጽ ስለ ኤስኪሞ በወጣው ጥናታቸው፣ ያ ሕዝብ በበጋ ተበትኖ፣ በክረምት ተሰብስቦ እንደሚኖር፣ ሕጉና ሃይማኖቱም ከወቅቱ ጋር እንደሚለዋወጥ አሳይተዋል። በቴፒ ዙሪያ ያለው መዋዠቅ እንደዚያ የጐላ ባይሆንም፣ ትምህርቱ ለዚህም ይሠራል።

እንግዲህ መድኃኒቱ በዝናብ ወራት መጓዝ ብቻ ነውን? የሰሜን ደሴቶች ምሳሌ ጥንቃቄ ያስተምራል። አሜሪካዊው ፖል ስትራንድ እ.ኤ.አ. በ1954 በስኮትላንድ ምዕራብ ወዳለችው ወደ ሳውዝ ዊስት ደሴት ሄዶ ሦስት ወር ያህል ቆይቷል፤ በ1962 የወጣው መጽሐፉም በፎቶግራፍ ጥበብ ከታወቁት አንዱ ነው። ከእርሱ በፊት ግን ማርጋሬት ፌይ ሾ እ.ኤ.አ. ከ1929 እስከ 1935 በዚያችው ደሴት ከሰዎቹ ጋር ኖራለች። ቋንቋቸውን ተምራለች፤ መዝሙራቸውን ጽፋለች፤ ሥራቸውንም በየወቅቱ በካሜራ ይዛለች። የስትራንድ ሥዕሎች ፊትን ያከብራሉ፤ የሾ ሥዕሎች ግን ፊቱ ከምን ሥራ ቀና እንዳለ ይናገራሉ። ዛሬ ወደ ሰሜን ደሴቶች በክረምት የሚጓዙ ፎቶግራፍ አንሺዎች ብዙ ናቸው፤ ብዙዎቹ የሚፈልጉት ግን ማዕበሉንና በረዶውን ነው። ለአንድ ሳምንት የታየ ማዕበል ጌጥ ይሆናል። በቴፒም ጉምና ዝናብ ብቻ ለውበታቸው ቢነሡ ጉድለቱ በሌላ ጉድለት ይተካል እንጂ አይሞላም።

ጽሑፉ ፎቶግራፉ የጐደለውን ይሞላል የሚል ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል። በእርግጥ ጃክ ስታውደር እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ መዠንግር ኑሮና አካባቢ ያሳተመው መጽሐፍ የእርሻውን ዑደት፣ የመንደሩን መዘዋወርና የሰዉን መሰባሰብ በሚገባ አስረድቷል። ነገር ግን ጽሑፉን የሚያነበው የጥናት ሰው ነው፤ ሥዕሉን የሚያየው ሁሉም ሰው ነው። በአስተዳዳሪ፣ በተማሪና በመንገደኛ አእምሮ ውስጥ የሚቀረው ሁለተኛው ነው።

በቴፒና በሚዛን ተፈሪ ፎቶ ቤቶች ብዙ ዘመን ሠርተዋል፤ ዛሬም ካሜራ በእያንዳንዱ ወጣት ስልክ ውስጥ አለ። የጐደለው የሚያነሣ እጅ አይደለም፤ የሚያጠራቅምና የሚመዘግብ ነው። በቴፒ ቅጥር ግቢ ያለው የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ሥራ ከማንም ይልቅ ይቀርባል። የሚጠየቀውም ከባድ አይደለም። በእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ጀርባ ከዓመተ ምሕረቱ ጋር ወሩ፣ የሚሠራው ሥራ፣ የቦታው ስምና የተነሺው ፈቃድ ይጻፍ፤ አንድ ማሳ፣ አንድ የቡና ጥላና አንድ ኮቦ ከመስከረም እስከ ጳጕሜን በየወሩ ከአንድ ስፍራ ይነሣ። ከነሐሴ ጀምሮ ለለቀማ ሲባል የቡናው ሥር ሲመነጠር፣ በመስከረምና በጥቅምት የቆላው ቡና ሲቀላ፣ በጥር ደኑ ሲመነጠር፣ በመጋቢት አመዱ ላይ ዘር ሲወድቅ የሚያሳይ አንድ ተከታታይ ስብስብ፣ ከብዙ የጌጥ መጻሕፍት ይልቅ ለዕውቀት ይጠቅማል። እስከዚያ ድረስ የደቡብ ምዕራብን ፎቶግራፍ የሚመለከት ሁሉ፣ ያ ሰው ካሜራው ከሄደ በኋላ በዝናቡ ምን ሲሠራ እንደ ከረመ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባዋል።